ጀርባቸውን ለዘፋኝ፣ ፊታቸውን ለሕዝብ

በሜዳ ላይ በሚደረግ ታላቅ የሙዚቃ ጉባኤ፣ የመቶ ሺህ ሰው ዓይን ወደ አንድ መድረክ በሚያተኩርበት ሰዓት፣ በመድረኩና ሕዝቡን በሚያግደው አጥር መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ ጀርባቸውን ለዘፋኙ፣ ፊታቸውን ለሕዝቡ አድርገው የሚቆሙ ጥቂት ሰዎች ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች ዘፈኑን ይሰማሉ እንጂ ዘፋኙን አያዩም፤ የሚያዩት ከፊታቸው እንደ ማሳ የተዘረጋውን የሰው ፊት ነው። ማን እንደ ገረጣ፣ የማን ከንፈር እንደ ደረቀ፣ የማን ዓይን እንደ ፈዘዘ፣ እጁን ወደ ላይ ካነሣው ሕዝብ መካከል ማን በደስታ፣ ማን ደግሞ «አውጡኝ» ለማለት እንዳነሣ ለይተው ያውቃሉ፤ የጠማውን ውሃ በኩባያ ያቀብላሉ፤ የደከመውን በብብቱ ሥር ይዘው በአጥሩ ላይ አሻግረው ያወጣሉ፤ ከዚያም ሐኪሞችና ነርሶች ወደሚጠብቁበት ድንኳን፣ መራመድ የቻለውን ደግፈው፣ ያልቻለውን በቃሬዛ ተሸክመው ያደርሳሉ።

ስለ እነዚህ ሰዎች እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከመካከላቸው እጅግ ብዙዎቹ ደመወዝተኞች አለመሆናቸው ነው። አንዱ ሰኞ ጧት ወደ ክፍሉ የሚመለስ መምህር ነው፤ ሌላይቱ ከሆስፒታል ተራዋ ፈቃድ ወስዳ የመጣች ነርስ ናት፤ ሦስተኛው ተማሪ፣ አራተኛዋ ጡረታ የወጣች የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ የድካማቸውም ዋጋ የመግቢያ ወረቀት፣ ድንኳን መትከያ ቦታ፣ ትኩስ ምግብና አንድ ካናቴራ ነው። ይህ ልማድ ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የተደላደለ ሥርዓት ሆኖ ቢታይም፣ ወደዚህ ደረጃ የደረሰው ነፍስ በጠፋባቸው ሌሊቶች ተፈትኖ ነውና፣ ታሪኩን ከመነሻው መከተል ይገባል። ዘመኑን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የአገራችን ሲሆን ለይቼ አመለክታለሁ።

በኦገስት 1969 ዓ.ም. አራት ወጣቶች ተማክረው የዉድስቶክን ፌስቲቫል ባዘጋጁ ጊዜ፣ አስቀድመው ያሰቡበት ዎልኪል የሚባለው ቀበሌ አንድ ወር ሲቀረው ስለ ከለከላቸው፣ በኒውዮርክ ግዛት በምትገኝ፣ ያዕቆብ መሰላሉን ያየባትን ቤቴልን በስም በምትጋራ የገጠር ወረዳ፣ ማክስ ያስገር ከሚባል የወተት ላሞች አርቢ መሬት ተከራዩ። ለአካባቢው ሹማምንት የነገሩት ኀምሳ ሺህ ያህል ሰው ይመጣል ብለው ነበር፤ የመጣው ግን ከ400,000 በላይ ሆነ። ጊዜው ስላጠረ መድረኩን እንጂ አጥሩን መጨረስ አልተቻለም፤ ሕዝቡም ያለ ትኬት ገባ፤ መንገዱ ሁሉ በመኪና ተዘግቶ ምግብ የሚያመላልስ፣ ሕሙማንን የሚያወጣ ተሽከርካሪ መተላለፊያ አጣ። ለጸጥታው ጥበቃ ከኒውዮርክ ከተማ ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ የሚያገለግሉ ከሦስት መቶ በላይ ፖሊሶች ተቀጥረው ሳለ፣ በመጨረሻው ሰዓት የከተማው የፖሊስ አዛዥ ስለ ከለከለ፣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ በተለወጠ ስም መጡ።

በዚህ ጊዜ ነው ሆግ ፋርም የተባለው ማኅበር ወደ ታሪኩ የገባው። የስሙ ትርጕም የዐሣማ እርሻ ማለት ሲሆን፣ አባሎቹ ሀብታቸውን አንድ አድርገው በኒው ሜክሲኮ በማኅበር የሚኖሩ ወጣቶች ነበሩ፤ መሪያቸውም ሂው ሮምኒ የሚባል፣ ከዚያ ወዲህ ዌቪ ግሬቪ በሚል ስም የታወቀ ሰው ነው። ሰማንያ አምስት ያህል ሆነው በአውሮፕላን የመጡት ምድጃ ሊቆፍሩ፣ መንገድ ሊጠርጉ፣ ወጥ ቤት ሊያቆሙ ነበር፤ ነገር ግን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጋዜጠኞች ከበው ሲጠይቋቸው፣ የጸጥታው ጥበቃም በእነርሱ ላይ እንደ ወደቀ ሰሙ። መሪያቸውም በእንግሊዝኛ ፖሊስ የሚለው ቃል «እባክህ» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ፣ ጓዶቹን «የእባክህ ሠራዊት» ብሎ ሰየማቸው። ይህ ስያሜ ለጊዜው የጨዋታ ቃል ቢመስልም፣ የሥራቸው ሁሉ መሠረት ሆነ፤ ዱላም ጠመንጃም ሳይዙ፣ ክንፍ ያላት ዐሣማ የተሣለባትን ቀይ ጨርቅ በክንዳቸው አስረው፣ ሰውን ሁሉ በልመና ቃል እየተናገሩ ሦስት ቀን ሙሉ በሕዝቡ መካከል ተመላለሱ። ከዚህም ጋር የቅንጬና የአጃ ገንፎ በታላላቅ ድስት እየቀቀሉ፣ ከመቶ ሺህ በላይ የወረቀት ሳህን አስመጥተው የተራበውን ወጣት መገቡ። በአቅራቢያው በምትገኘው በሞንቲሴሎ ከተማ ደግሞ የአይሁድ ማኅበር ሴቶች ሳንድዊች አዘጋጅተው ላኩ፤ ያንንም ካቶሊካውያን ደናግል ለሕዝቡ አደሉት።

ለሕክምናው ኀላፊ የነበረው ዶክተር ዊልያም አብሩዚ ነው። በድንኳን ውስጥ በተዘረጋው ሆስፒታል በሦስት ቀን ከአምስት ሺህ በላይ ሰው ታከመ፤ መንገዱ ስለ ተዘጋም ሐኪሞችና መድኃኒት በሄሊኮፕተር ይመጡ ነበር። ሰው የሚያስበው ሕመሙ ሁሉ ከአደንዛዥ ዕፅ የመጣ እንደ ነበር ነው፤ ይሁን እንጂ ከዕፅ ጋር የተያያዘው ስምንት መቶ ያህሉ ብቻ ነበር። ብዙዎቹ ባዶ እግራቸውን በጭቃ ሲሄዱ ጠርሙስና ቆርቆሮ የቈረጣቸው ናቸው። የሜዳ ሕክምና ማለት ከሁሉ አስቀድሞ እግር ማጠብና ማሰር መሆኑን ዛሬም በዚህ ሥራ የሚያገለግሉ ሰዎች ይመሰክራሉ፤ በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የሕዝቡን እግር ሲያጥብ ያየ አንባቢ የዚህን ሥራ ክብር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዕፁ ሕሙማን ጋር የተደረገው ግን ከሕክምና መጻሕፍት ውጭ የተገኘ ትምህርት ስለሆነ፣ ጥቂት ልቆይበት እወዳለሁ። ኤልኤስዲ የሚባለውን ቅዠት አምጪ ዕፅ ወስዶ ልቡናው የታወከ ወጣት፣ ስሙ ይጠፋዋል፤ የሞተ ወይም ለዘለዓለም ያበደ ይመስለዋል፤ የሚጠጋውንም ሁሉ እንደ ጠላት ያያል። የዚያን ዘመን ሐኪም ልማድ ብርቱ የማደንዘዣ መርፌ መውጋት ነበር። የሆግ ፋርም ሰዎች ግን በራሳቸው ኑሮ ያዩትን ያውቁ ነበርና አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ እጁን ይዘው፣ በዝግታ ስሙን ይጠይቁታል፤ የማይገባ ነገር ቢመልስም ሳይሰለቹ ደግመው ይጠይቁታል፤ ስሙን ባገኙት ጊዜ በዚያው ስም እየጠሩ፣ ዕፅ እንደ ወሰደ፣ የሚያየውም ከዕፁ የመጣ እንደሆነ፣ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ እንደሚለቀው ይነግሩታል። ሰውየው ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ወደ ልቡ ሲመለስና አመስግኖ ሊሄድ ሲነሣ፣ በድንኳኑ በር እየጮኸ የሚገባውን ሌላ ወጣት አሳይተው፣ ከሦስት ሰዓት በፊት አንተም እንዲህ ነበርህ፤ አሁን ሐኪሙ አንተ ነህ፤ ሂድና ያዘው ይሉት ነበር። ሕሙሙም አስታማሚ ሆኖ ወዲያው ሥራ ይጀምራል። ይህን የመሰለ የፈውስ መንገድ በየትኛውም ትምህርት ቤት የተማሩት አልነበረም፤ ያን ድንኳን ግን ለሦስት ቀን ያቆመው እርሱ ነው።

ይህን ስናደንቅ ግን ሞት እንደ ነበረም አንርሳ። አንድ ወጣት በዕፅ ምክንያት ሞተ፤ ሌላው የ17 ዓመት ልጅ በመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ ሾፌሩ ሳያየው ትራክተር ሄደበት። የመጀመሪያው ስለ ዕፅ ክፋት ብዙ ተብሎበታል፤ ሁለተኛው ግን ከዚያ ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ሰው የሚተኛበት ቦታና ተሽከርካሪ የሚሄድበት መንገድ በገመድ ቢለይ ኖሮ ልጁ ባልሞተ ነበርና። በጎ ፈቃድ ብቻውን ገመድ አይዘረጋም፤ ገመዱን የሚዘረጋው አስቀድሞ የታሰበ ሥርዓት ነው።

በዚያው ዓመት፣ በዲሴምበር 6 ቀን፣ በካሊፎርኒያ አልታሞንት በሚባለው የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ የሆነው ደግሞ የዉድስቶክ ተቃራኒ ነው። ሮሊንግ ስቶንስ የተባሉት እንግሊዛውያን ሙዚቀኞች ነጻ ትርዒት ለማሳየት አስበው፣ ቦታው ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ወደዚያ ተዛወረ፤ መድረኩም ከሰው ወገብ እምብዛም የማይበልጥ ዝቅተኛ ሆኖ ተሠራ። በመድረኩ ዙሪያ እንዲቀመጡ የተጠሩት ሄልስ ኤንጀልስ የሚባሉት የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ሲሆኑ፣ ዋጋቸውም የ500 ዶላር ቢራ ነበር። ሦስት መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ወደ ዝቅተኛው መድረክ ሲገፋ፣ ቢራውን የጠጡት ጠባቂዎች በዱላ መቱት፤ አንዱን ዘፋኝ ሳይቀር በቡጢ መትተው ራሱን አሳቱት። ከጨለመ በኋላ ሜሬዲት ሃንተር የሚባል የ18 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ሽጉጥ ባወጣ ጊዜ ከጠባቂዎቹ አንዱ በጩቤ ወግቶ ገደለው፤ ነገሩም በፊልም ላይ ተቀርፆ ስለ ነበር፣ ፍርድ ቤቱ ያንን አይቶ ወጊው ራሱን ለመከላከል ያደረገው ነው ብሎ በነጻ ለቀቀው። የፍርዱ ነገር እንደ ተፈረደ ይሁን፤ የእኔ ጥያቄ ከዚያ በፊት ባለው ላይ ነው። ሕዝቡን እንዲጠብቅ የተሾመው ሰው ሕዝቡን የሚወድ ነበርን? ሥራውንስ ተምሮት ያውቃልን? የሚታዘዝለት አለቃስ ነበረውን? ለሦስቱም መልሱ የለም ነው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ የፌስቲቫል አዘጋጆች ሁሉ ጠባቂ ሲመርጡ አልታሞንትን ሳያስቡ አያድሩም።

የዉድስቶክን ፍቅር ከሐኪም ቤት ሥርዓት ጋር ያጋባው ሥራ የተጀመረው በሳን ፍራንሲስኮ ነው። በዚያች ከተማ በ1967 ዓ.ም. ዶክተር ዴቪድ ስሚዝ፣ ሕክምና የሰው ሁሉ መብት እንጂ የባለጸጋ ዕድል አይደለም በሚል ሐሳብ፣ ሄይት አሽበሪ በሚባለው ሰፈር የነጻ ክሊኒክ ከፍቶ ነበር። በ1973 ዓ.ም. ቢል ግሬሃም የተባለው የታወቀ የሙዚቃ ትርዒት አዘጋጅ በኬዛር ስታዲየም ታላላቅ ትርዒቶች ባደረገ ጊዜ የክሊኒኩን ሰዎች ለርዳታ ጠራቸው፤ ከዚያም ሮክ ሜዲሲን የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች የሕክምና ጓድ ተወለደ። ግሬሃም ሊያስተውል የቻለው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ዕፅ ወስዶ የታመመ ወጣት ከሕመሙ ይልቅ ፖሊስንና ወላጆቹን ስለሚፈራ ወደ ሆስፒታል አይሄድም፤ ጓደኞቹም ደብቀው በመኪና ውስጥ ያስተኙታል፤ እዚያም ሊሞት ይችላል። በሮክ ሜዲሲን ድንኳን ግን የሚጠየቀው ምን እንደ ወሰደና መቼ እንደ ወሰደ ብቻ ነው፤ አይሰደብም፤ አይከሰስም፤ ስብከት አይሰበክለትም።

እዚህ ላይ ብዙ ደግ ሰዎች «ይህ ኀጢአትን ማበረታታት አይደለምን?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ጥያቄውን አልንቀውም፤ ልጅ ያለው ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ነው። መልሴ ግን በሉቃስ ወንጌል ያለው ሳምራዊ ነው፤ በመንገድ ወድቆ ያገኘውን ቁስለኛ በዚያ ሰዓት ወደ ኢያሪኮ ለምን ብቻህን ወረድህ ብሎ አልጠየቀውም፤ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሠረለት። ተግሣጽ የሚደመጠው በሕይወት ባለ ጆሮ ነው።

የድንኳኑ የዕለት ሥራ ምን እንደሚመስል ላስረዳ። ከበሩ ላይ የሚቆመው ሰው የመጣውን ሁሉ በዓይኑ መርምሮ ይለያል፤ ጫማ የላጠው፣ ራስ ምታት የያዘው፣ ንብ የነደፈው ወደ አንድ ወገን፤ የሚያስታውከውና የሚንቀጠቀጠው ወደ ሌላ ወገን፤ ራሱን የሳተው ግን ወዲያውኑ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰክሮ የወደቀውን በጀርባው አያስተኙትም፤ በጎኑ ያጋድሙትና አፉ ወደ መሬት እንዲያዘነብል ያደርጉታል፤ በጀርባው የተኛ ሰካራም የገዛ ትውከቱ አንቆ ሊገድለው ይችላልና፤ አንድ በጎ ፈቃደኛም አጠገቡ ተቀምጦ ትንፋሹን ይቈጥራል። ፀሐይ የመታውን ሲያዩ ላቡን ብቻ ሳይሆን አነጋገሩን ያደምጣሉ፤ የደከመው ሰው ጥላና ውሃ ካገኘ ይነሣል፤ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ቃሉ የተምታታበት ሰው ግን በሞት ደጃፍ ላይ ስለሆነ፣ ልብሱን አውልቀው በውሃ እያራሱ፣ በማራገቢያ እያናፈሱ አምቡላንስ ይጠራሉ። ይህን ለመማር የሕክምና ዶክተር መሆን አያስፈልግም፤ ጥቂት ቀን የሚፈጅ ትምህርትና በቅርብ የሚቆጣጠር ሐኪም ካለ ይበቃል።

በእንግሊዝ አገር፣ በሱመርሴት፣ ማይክል ኢቪስ በሚባል ገበሬ እርሻ ላይ በ1970 ዓ.ም. የተጀመረው የግላስተንበሪ ፌስቲቫል፣ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሺህ አምስት መቶ ያህል ሰው አንድ ፓውንድ እየከፈለ የገባበት፣ ከእርሻውም ወተት በነጻ የታደለበት ነበር፤ ዛሬ ግን የአንድ ከተማ ሕዝብ የሚሰፍርበት ሆኗል። ሕክምናውን የሚያካሂደው ፌስቲቫል ሜዲካል ሰርቪስስ የተባለ፣ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የአምቡላንስ ሠራተኞች በፈቃዳቸው የሚያገለግሉበት የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በሩን ከሚጠብቁትና መንገድ ከሚያሳዩት መካከል ደግሞ በሺህ የሚቈጠሩት በኦክስፋም ስም የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የእነርሱ ሥርዓት ለእኛ ኢትዮጵያውያን በተለይ ሊታወቅ ይገባዋል፤ ፌስቲቫሉ ለሥራቸው የሚከፍለው ገንዘብ ለእነርሱ ሳይሆን ለኦክስፋም ይገባል፤ ኦክስፋምም በ1977 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ድርቅ ጊዜ ወገኖቻችንን ከረዱት ድርጅቶች አንዱ ነው። በዝናብ ውስጥ ካባ ለብሶ በአንድ የእርሻ በር ላይ ስምንት ሰዓት ቆሞ የሚያድር እንግሊዛዊ ወጣት፣ የቆመበት ዋጋ በሩቅ አገር ጕድጓድ ሆኖ ውሃ እንደሚቀዳበት ያውቃል።

በፖላንድም የዚህ ዐይነት ጓድ አለ። ዬዢ ኦቭሻክ የተባለው ጋዜጠኛ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በየጃንዋሪ ወሩ ለሆስፒታሎች የሕክምና መሣሪያ መግዣ ገንዘብ በመላው አገር ያሰባስባል፤ በብርድ ቆመው ሣጥን ይዘው የሚለምኑትንም ወጣቶች ለማመስገን በ1995 ዓ.ም. መግቢያው ያለ ክፍያ የሆነ ፌስቲቫል አቋቁሞ፣ በዉድስቶክ ስም ጠራው። «የሰላም ጓድ» የሚባሉት ጠባቂዎቹ በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ ወደ ሜዳው ከመግባታቸው በፊት የመጀመሪያ ርዳታ አሰጣጥን ይማራሉ። ፍቅሩ ከዉድስቶክ፣ ትምህርቱ ከአልታሞንት የተወረሰ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ፍቅርም፣ ትምህርትም፣ ብዛትም ባለበት ሞት ሊገባ እንደሚችል ያሳየችው የዴንማርክ ነገሥታት መቃብር የሆነው ካቴድራል የሚገኝባት የሮስኪልድ ከተማ ናት። የሮስኪልድ ፌስቲቫል በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ከሁለተኛው ዓመት አንሥቶ ትርፉን ሁሉ ለበጎ አድራጎት በሚሰጥ ማኅበር የሚመራ ሲሆን፣ ዛሬ ሠላሳ ሺህ ያህል በጎ ፈቃደኞች ያገለግሉበታል። በጁን 30 ቀን 2000 ዓ.ም. ሌሊት፣ ፐርል ጃም የተባሉት አሜሪካውያን ሙዚቀኞች በሚጫወቱበት ሰዓት፣ በዝናብ በረጠበው ሜዳ ላይ ከፊት የቆሙ ጥቂት ሰዎች ወደቁ፤ የኋላው ሕዝብ ግን ይህን ስላላወቀ ወደ ፊት መግፋቱን ቀጠለ። ዘፋኙ ኤዲ ቬደር ሙዚቃውን አስቁሞ ሕዝቡ ወደ ኋላ እንዲመለስ ቢለምንም፣ ዘጠኝ ወጣቶች ከዚያ ሳይተርፉ ቀሩ፤ ስምንቱ በዚያው ሌሊት፣ ዘጠነኛው ከጥቂት ቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ። ትልቁ የ26፣ ትንሹ የ17 ዓመት ልጅ ነበር።

ሰው በሕዝብ መካከል እንዴት እንደሚሞት ብዙዎች በስሕተት ያስባሉ፤ ተረግጦ የሚሞት ይመስላቸዋል። ይህን ነገር ያጠኑ ሊቃውንት ግን እንዲህ ያስረዳሉ። በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ አራትና አምስት ሰው ሲቆም ገና እንደ ልብ መተንፈስ ይቻላል፤ ሰባት በደረሰ ጊዜ ግን ሕዝቡ የብዙ ሰዎች ጉባኤ መሆኑ ይቀርና እንደ ፈሳሽ ውሃ ይሆናል፤ ከአንድ ወገን የተነሣ ግፊት እንደ ማዕበል ሄዶ በሌላው ወገን ያለውን ሰው ከእግሩ ያነሣዋል። በዚያ መካከል የተያዘ ሰው ደረቱ ስለሚጨመቅ ሳንባው አየር ሊስብ አይችልም፤ ቆሞ ሳለ፣ ሳይጮኽ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል። መጮኽ አየር ይፈልጋልና፤ ስለዚህ ከአደጋው ሥፍራ የሚሰማ ጩኸት የለም። የኋላው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም የሚገፋው፤ የፊቱን ስለማያይ ነው። በዚያች ሰዓት የፊተኛውን ሰው ፊት የሚያየው፣ በመጀመሪያ የገለጽሁት፣ ጀርባውን ለዘፋኙ የሰጠው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱ ያየውን ነገር በስንት ደቂቃ ሙዚቃውን ሊያስቆም ወደሚችለው ባለሥልጣን ያደርሰዋል የሚለው ጥያቄ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ይሆናል።

በሮስኪልድ ከዚያ ዓመት ወዲህ ከመድረኩ ፊት ያለው ሜዳ በጠንካራ አጥር ተከፋፍሎ፣ በየክፍሉ የሚገባው ሰው በቍጥር ተወሰነ፤ በሰው ራስ ላይ ተንሳፍፎ መሄድ ተከለከለ፤ ከአጥሩ ሥር የሚቆሙት በጎ ፈቃደኞችም ትምህርታቸው ጠነከረ። በሞቃት ቀን እነዚህ ልጆች ውሃ በኩባያ እየቀዱ ለፊተኛው ረድፍ ሲያቀብሉ፣ ፊተኛው ጠጥቶ ለኋለኛው ሲያሳልፍ ማየት ልብን ያረካል፤ የሚያቀብሉት ውሃ ብቻ አይደለም፤ ኩባያው ሲመለስ የሰውየውን እጅ መንቀጥቀጥና አለመንቀጥቀጥ ይመለከታሉ።

ይህን ሁሉ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ የራሱን በዓላት ማስታወሱ አይቀርም። በጥምቀት ዋዜማ በከተራ ወደ ጃን ሜዳ የሚወርደውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ለታቦቱ መንገድ ሲከፍቱ፣ ምንጣፉን ከኋላ ጠቅልለው በሩጫ ወደ ፊት አምጥተው ሲዘረጉ፣ በ1927 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የተቋቋመው የቀይ መስቀል ማኅበራችን ወጣቶችም ቃሬዛቸውን ይዘው በየጥጉ ሲጠብቁ አይቷል። እኔ በአንድ የከተራ ቀን ያየሁትን አልረሳም፤ አንዲት አሮጊት በግፊያው መካከል ተዝለፍልፈው ሲወድቁ፣ ከተያያዙት ልጆች አንዱ እጁን ሳይለቅ ጓደኛውን በስሙ ጠራ፤ ያም «እማማ፣ አይዞዎት፣ እኔን ይደገፉ» ብሎ አቅፎ ወደ ጥላ አወጣቸው፤ ነጠላቸውን አላልቶ ሲያናፍስላቸው ሌላው ውሃ ይዞ ደረሰ። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም፤ ሰዓቱ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። የሮስኪልድ ልጆች የሚማሩት ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሳልናገር የማላልፈው አንድ ቅሬታ አለ። በአንዳንድ አገር ትርፉ ሁሉ ለባለቤቱ ኪስ የሚገባ ፌስቲቫል፣ በበጎ ፈቃድ ስም ወጣቶችን ያለ ደመወዝ ያሠራል። ይህ በጎ ፈቃድ ሳይሆን የሠራተኛውን ዋጋ ማስቀረት ነው። ትርፉ ለድኻ፣ ለሆስፒታል፣ ለውሃ ጕድጓድ በሚውልበት ቦታ ሰው ጕልበቱን በነጻ ቢሰጥ ምጽዋት ነው፤ ነጋዴው በሚከብርበት ቦታ ግን ጠባቂውም አስታማሚውም ደመወዙን ሊያገኝ ይገባል። ደግሞም ሥራው ሁሉ ለበጎ ፈቃደኛ የሚሰጥ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር በ2001 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ሰውን ፈትሾ የሚያስገባውንና ጠበኛውን የሚያስወጣውን ጠባቂ ተምሮ ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድደዋል፤ በጎ ፈቃደኛው መንገድ ያሳያል፤ ይመለከታል፤ ያያቸውንም ነገሮች ይናገራል። ይህ ክፍፍል ትክክል ነው እላለሁ፤ በአልታሞንት የጎደለው ይኸው ነበርና።

በአገራችንም በሜዳ ላይ የሚደረገው የሙዚቃ ትርዒት እየበዛ፣ ወጣቱም በብዛት እየተሰበሰበ ነው። ስለዚህ ለአዘጋጆች የማቀርበው ልመና ይህ ነው። ትኬት ከመሸጣችሁ በፊት የቀይ መስቀል ወጣቶችንና ሐኪሞችን ጥሩ፤ ውሃው በየት በኩል እንደሚቀርብ፣ ቃሬዛው በየትኛው በር እንደሚወጣ ከእነርሱ ጋር ሜዳው ላይ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ከመድረኩ ሥር የሚቆሙትንም ልጆች አስቀድማችሁ አስተምሩ። ከሁሉም በላይ፣ አደጋ ሲታይ ሙዚቃውን የሚያስቆመው አንድ ሰው ማን እንደሆነ ወስኑ፤ ስሙንም ለጠባቂዎቹ፣ ለሐኪሞቹና ለዘፋኙ ከትርዒቱ በፊት ንገሯቸው።